የጋሽ ተሰማ ንግግርና ሦስቱ ማራገቢያዎች

ሰኞ፣ ኦገስት 11፣ 2008

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ በሚገኘው ሁለተኛ ፎቅ አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ ኮምፒውተሬ በድንገት ድርግም ብሏል። የስንብት ቃል እንኳ አልተወም። ሟች በእኔና በጓደኛዬ በጌቱ እጅ፣ አካሉ ከየሱቁ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፌው ቁልፉን ብጫነው ተነሣ። ስለዚህ ለቅሶው ለጊዜው ተላልፏል።

ጊዜው ግን ክፉ ነው። አማቴ እማማ የሺ እሑድ ወደ አገር ቤት ይበራሉ። ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ በሁለት ፎጣ ጠቅልለው አንድ የቪዲዮ ካሴት ይዘው ነበር፤ የባለቤቴ የማርታ ታላቅ እህት ሠርግ ነው። እዚያ ውስጥ የማርታ አባት ጋሽ ተሰማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆመው ንግግር ያደርጋሉ። ድምፃቸው የተቀዳበት ሌላ ነገር የለም። የአገር ቤቱ ዴክ ካሴቱን አንዴ በልቶት ክሩ ተጨማድዷል፤ ከዚያ ወዲህ እማማ በፍርሃት አልከፈቱትም። ሶ፣ ሳይበጠስ ወደ ዲቪዲ መገልበጥ አለበት። የአሜሪካ ዴክ የእኛን ካሴት ስለማያነብ፣ የሚያነብ ዴክ ዴንተን ከተማ ከሚኖር ሰው ተዋስኩ። ቅዳሜ ይመለስ ብሏል። የእኛ ቴሌቪዥንም አይቀበለውም። ሁሉም ነገር በኮምፒውተሩ በኩል ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተጨፈረ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋሽ ተሰማ ከወንበራቸው ተነሡ። ድርግም። የተቀዳውም ፋይል አልከፈት አለ።

«ሊናገር ሲል ነው የጠፋው» አሉ እማማ። «በሕይወት እያለም ሊናገር ሲል መብራት ይሄድበት ነበር።»

ከጠረጴዛው አጠገብ ያለችው ሶፋ የእሳቸው ናት። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡልኝ፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሳጥኑ ሲነኩት ይፋጃል።

የምርመራ ውጤት፦ የቴክሳስ ኦገስት። ውጭው በፋራናይት ከመቶ በላይ ነው። በዚህ ቤት ሙቀት የሚፈልግ አንድም ፍጡር አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ኤሲው ከ76 ወደ 72 እንዲወርድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ጌቱን ኮል አደረግኩት። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ በተራ ጥበቃ ላይ ስለ ኮምፒውተር ያነበበውን ማንም አላነበበም። ምክሩ አጭር ነው፤ «ፋን ጨምር»። የጌቱ ምክር ሁልጊዜ ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ከማርታ ጋር ስንጣላም ፋን ጨምር ሊለኝ ምንም አልቀረው።

እስከ ዛሬ ሳጥኑ ከኋላው አንድ ማራገቢያ ብቻ ነበረው። ከሥራ ስመለስ ሁለተኛ ገዝቼ ከፊት ለፊቱ ገጠምኩ። ብሎኑን ሳጠብቅ የቀዶ ጥገና ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። ማርታ መብራት ያዘችልኝ፤ ስታዛጋም አየኋት።

ካሴቱ እንደገና ከመጀመሪያው። እማማ ሶፋቸው ላይ ናቸው። ጮማ የሚቆረጥበት ጋ ሲደርስ፣

«እማማ፣ ፍልሰታ እኮ ነው» አልኳቸው።

«በቪዲዮ የታየ ሥጋ አያስገድፍም። ቄሱን ጠይቄያለሁ።»

አልጠየቁም።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ማይኩን ተቀበሉ። በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ሞከሩት። አፋቸውን ከፈቱ። ድርግም።

እማማ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡልኝ። «ምን ሆነ አሁንስ?»

«ሞቆት ነው፣ እማማ።»

«እኔን ይሙቀኝ!» አሉ፣ ደረታቸውን ይዘው።

ኤሲው ወደ 69 ወርዷል።

ረቡዕ

ታላቅ ቀን። ጌቱ መጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ዳኛ አየኝ።

«ይቺን ፋን ማን ነው የገጠማት?»

«ምነው?»

«ጎኗ ላይ ያለችውን ቀስት አላየሃትም? አየር ታስገባለች ብለህ ገጥመህ፣ እያስወጣች ነው የዋለችው። የኋላዋም ታስወጣለች። አንተ፣ ሁለቱም አየሩን ወደየራሳቸው እየጎተቱ ሲጣሉ ነው የከረሙት!»

ለማርታ እንዳይነግርብኝ ለመንኩት። በስልክ ነገራት።

ገለበጥናት። ሦስተኛ ማራገቢያም ከጎን ጨመርን። አቧራውን አራገፍን፤ ከውስጡ የወጣው ለአንድ ትራስ ይበቃል። አሁን ከፊት ይገባል፣ ከኋላ ይወጣል፣ የጎኗ ታግዛለች። ሥርዓት ያለው መንግሥት ይመስላል።

ካሴቱን በከንቱ ላለማድከም አንድ የካውቦይ ፊልም ከፈትንበት፤ እንደ ሠርጉ እየቀዳም እንዲሄድ አደረግን። እማማና ማርታ ቅዳሴ ሄደዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ሦስቱ ማራገቢያዎች ይዘምራሉ። ፊልሙ አለቀ፤ ደግመን ከፈትነው፤ ሁለተኛም አለቀ። ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም።

«ኢንጂነር በለኝ» አለ ጌቱ።

አልኩት። ይገባዋል።

እማማ ከቅዳሴ ደክሟቸው ተመለሱ፤ ካሴቱ ለነገ ተባለ። ለማንኛውም ብዬ ኤሲውን 67 አድርጌዋለሁ። እማማ ማርታን ካልሲ አበድሪኝ አሏት፤ ሁለት ደርበው ገቡ።

«ቤቱን የሥጋ ማቀዝቀዣ አደረግከው» አለችኝ ማርታ።

የሥልጣኔ ዋጋ ነው አልኳት። ብርድ ልብሱን ሙሉውን ወሰደችው።

ሐሙስ

የትናንቱ ድል ተሰርዟል።

ማይኩን ተቀበሉ፣ ኳ ኳ አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድርግም። እዚያው ቦታ። እማማ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሦስት ማራገቢያ እያለው ሳጥኑ ከሰኞው ብሶ ይጋያል።

በዚህ ላይ ዴኩ ቀጭን ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ካሴቱን ቀስ ብዬ አወጣሁት፤ ክሩ ከዳር በኩል አዲስ ጭምድድ አለበት። ለማርታ አሳየኋት። ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

«አንድ ጊዜ ቢችል ነው» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ የአባዬን ድምፅ ረሳነው ማለት ነው።»

ለጌቱ ደወልኩ። «ከመሃል ጀምረው፣ ንግግሩን ብቻ ውሰድ» አለኝ። እማማ ሰምተውት ኖሯል፤ «ሰው ሠርግ ከመሃል ይገባል እንዴ?» አሉ። እውነትም ወደ መሃል ማጠንጠን ነው ክሩን የሚጨርሰው፤ አገር ቤት የተበላውም ሲጠነጠን ነው። «እንግዲያው» አለ ጌቱ፣ «የእኔ ሳይንስ እዚህ ላይ አልቋል። ከዚህ በኋላ ጠበል ነው።»

አልገባኝም። ትናንት ካውቦዩን ሁለቴ እስከ መጨረሻው አሳየን። ሠርጉን ሲያይ ይወድቃል። ጋሽ ተሰማ መናገር አልፈልግ ብለው ይሆን?

እራት ላይ እማማ እጄን ያዙኝ። «ተወው ልጄ፣ ብሩኬ። ሥራ ውለህ እየመጣህ በእኔ ምክንያት ወለል ለወለል ትድሃለህ። የሰማሁትን ያኔ ሰምቼዋለሁ።» ፈገግ ብለው ነው ያሉት። ፈገግታቸው ባይኖር ይሻለኝ ነበር።

ኤሲው 66 ነው። ከዚህ በታች የሚኖረው ዓሣ ብቻ ነው።

ዓርብ

ልጽፈው ስል እጄ ይስቃል፤ ከምንጩ እጀምራለሁ።

ከሥራ እንደገባሁ ካሴቱን ሳልነካ ያንኑ ካውቦይ ከፈትኩ። ከሶፍት ላይ ቀጭን ቅዳጅ ቀድጄ፣ አየሩ በትክክል መውጣቱን ላይ ብዬ በጀርባዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሶፍቷን ከሳጥኑ ኋላ ያዝኳት። እንደ ባንዲራ ተውለበለበች። ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይመጣል። ሁሉም ሰላም ነው።

እማማ የፈረሱን ኮቴ ሰምተው ከወጥ ቤት መጡ። ፈረስ ያለበት ፊልም ይወዳሉ። እግሬ በሌላ በኩል ስለወጣ አላዩኝም። ሶፋቸው ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ። ቀጥሎ ሳጥኑ ኪርር ብሎ ወደ እሳቸው ተንሸራተተ። ቀጥሎ ዓለም ጨለመ።

ጋቢ ነው። ባለ አራት እጥፍ ጋቢ። እኔና ኮምፒውተሩ በአንድ ጋቢ ሥር ሆንን። ሶፍቷ ወደቀች። ሦስቱ ማራገቢያዎች የገዛ ትንፋሻቸውን መልሰው ይተነፍሱ ጀመር፤ እኔም አብሬ።

«እማማ!»

«ወይ በስማም! አንተ እዚያ ነህ እንዴ?»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጉልበቴን ነዋ! ይሄ ነገር ደህና ሙቀት ይተነፍሳል፤ እንዳይባክን ሸፈን አደረግኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ ጀምሮ። ካሴቱን ስናይ ነው፣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ። ይሄን ሰሞን ደግሞ ቤቱ ውርጭ ሆነ፤ ብርዱ ሲብስ ወደ እኔ ጠጋ ጠጋ አደረግኩት።»

ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ አሰብኩት። ኮምፒውተሩ ሲሞቀው ቤቱን አቀዘቅዛለሁ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ እማማ ይበርዳቸዋል። እማማ ሲበርዳቸው ኮምፒውተሩን ይሸፍኑታል። ሲጠፋ ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ እንድገባ ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሡልኛል፤ ማስረጃው አብሮ ይነሣል። ረቡዕ ዕለት፣ ካውቦዩ ሁለቴ ሲያልቅ፣ ቅዳሴ ነበሩ። ለካ ጠበሉ እሱ ነው።

«ታዲያ ምነው በረደኝ አይሉኝም?»

«እንዴት ብዬ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «ለፍታችሁ ገብታችሁ፣ አቤት ሙቀት ስትሉ እየሰማሁ፣ በሰው ቤት እኔ በረደኝ ልበል?»

ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ኤሲውን አጠፋሁት።

ለጌቱ ስነግረው «ቆይ፣ ቆይ፣ ታክሲዬን ፓርክ ላድርግ» አለኝ። ፓርክ አድርጎ ሲስቅ ሰማሁት። ተሳፋሪ ይኑረው አይኑረው አላወቅኩም።

ማርታ ግን አልሳቀችም። ሄዳ የእናቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች። «በረዶ ነው እኮ፣ እማዬ» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ቅደም ተከተሉን አላስታውስም።

ቅዳሜ

በዛሬው ዕለት የወጣ መመሪያ፦ ኤሲው 80 ይሆናል። ሳጥኑ ዞሮ ጀርባውን ለእማማ ጉልበት ይሰጣል፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ። ጋቢው እግር ላይ ያበቃል። መመሪያውን የሚያስፈጽመው ጌቱ ነው፤ ወለሉ ላይ በሳጥኑና በጋቢው መካከል ተቀምጦ ድንበር ይጠብቃል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሞቀህ እንዴ፣ ጌቱዬ?» አሉ እማማ።

«ኧረ በፍጹም፣ እማማ!» አለ ጌቱ። እሱም ተማረ።

ካሴቱ ገባ። ዴኩ ሲጮኽ ማርታ ክንዴን ጨበጠችው። ሙሽሮቹ ገቡ። ተጨፈረ። ምስሉ አንዴ ዘለለ፣ ተመለሰ። ኬክ። ጮማ። ማንም ስለ ጾም አላነሳም። ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ማይኩን ተቀበሉ። ኳ ኳ።

አፋቸውን ከፈቱ። ማራገቢያዎቹ ይዘምራሉ።

«ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ «እናንተ ልጆች፣ እዚያ በር ላይ የቆማችሁ፣ በሩን ዝጉት እስቲ። ንፋስ ይገባል። የየሺ ጉልበት ብርድ አይችልም።»

በካሴቱ ውስጥ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሳሎናችን ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ ከእማማ በቀር። ሳቁና ጋቢውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ጌቱ ድንበሩን ረስቶ ዞሮ ያያቸዋል።

ከዚያ ንግግሩ ቀጠለ። ረጅም ነው። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ዘመድ አመሰገኑ፣ ወጥ ቤቶችን አመሰገኑ፣ ሙሽሮቹን መረቁ፣ አንድ ነገር ረስተው ተመልሰው መረቁ። እስከ መጨረሻዋ አሜን ተቀዳ።

«ያ ሁሉ የሠርገኛው ነው» አሉ እማማ ሲያበቃ። «የበሩ ግን የኔ ነው።»

ሦስት ዲቪዲ ወጥቷል። አንዱ ሻንጣ ውስጥ በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ ገብቷል። ዴኩ ዴንተን ተመልሷል። ካሴቱን ግን እማማ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰው አይጣልም ብለዋል። ነገ ኤርፖርት የሚያደርሳቸው ጌቱ ነው፤ የታክሲውን ኤሲ እንዲያጠፋ ከአሁኑ ተነግሮታል። እኔና ማርታ በቲሸርት፣ መስኮት ከፍተን፣ ላብ በላብ ሆነን ተቀምጠናል። ኮምፒውተሩ ደህና ነው።

እርማት፦ በሰኞ ዕለት ማስታወሻ «በዚህ ቤት ሙቀት የሚፈልግ አንድም ፍጡር አለመኖሩ ተረጋግጧል» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት መሆኑ ታውቋል። አንድ ሰው ነበሩ። የጠየቃቸው አልነበረም። ለተፈጠረው ብርድ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።