ስለ ፎልደሮች ተራና ስለ አባቴ ድምፅ

ትእዛዝ በተጻፈ ቁጥር ኮምፒውተራችን መሣሪያውን ከየትኛው ፎልደር ቀድሞ እንደሚፈልግ ለሚወስነው የተከበረ ኮሚቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናችሁ፣ ወንበራችሁና በተለይም ጉሮሯችሁ የተሟላ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ቤታችን ጸጥ ብሏል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች በሁለት ፎልደር ቢቀመጡ፣ ኮምፒውተሩ በተራ ሲፈልግ ቀድሞ ያገኘውን ያሠራል፤ ግቢ ውስጥ ስም ተጠርቶ ቀድሞ «አቤት» ያለው እንደሚላክ ማለት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ባለቤቱ ራሱ የጫነው ይቀድም ነበር። እናንተ ግን በአዲሱ እትም ከሲስተሙ ጋር የመጣው እንዲቀድም ወሰናችሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚባለውን ለእናንተ አልጠቅስም።

አንደኛ፣ አባቴ በአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቅ የኖረ ሰው ነው። ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ አይናገርም። ከዚያ በፊት ዓይኗ ለደከመው እናቴ ጋዜጣ ሲያነብላት፣ መሀል ላይም ከጸሐፊው ጋር ሲጣላ እቀዳው ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ልብስ እያጣጠፈች ይህንኑ ትሰማ ነበር፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ በገዛ ቀልዱ ይስቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለእናቴ አዲስ ማጫወቻ ስገዛላት ቅጂዎቹን ማጫወቻው ወደሚቀበለው ዓይነት መለወጥ ነበረብኝ። ለዚህ ሥራ ታናሽ እህቴ የሠራችልኝ መሣሪያ አለ፤ ዋናውን ሳይነካ ሌላ ቅጂ ያወጣል። የእናንተም መሣሪያ ስሙም ሥራውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ድምፁን ለስልክ ጥሪ በሚበቃ መጠን አሳንሶ ዋናውን መሰረዙ ብቻ ነው። እንደ ልማዴ ትእዛዙን የቅጂዎቹ ግልባጭ ባለበት የመጠባበቂያ ዲስክ ላይ ጭምር ሰጠሁ። የሠራው የእናንተው ነው።

ሦስተኛ፣ እናቴ በአዲሱ ማጫወቻ ትንሽ ሰምታ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠችና «ይሄ ደሞ ማነው?» አለች። አባቴ አጠገቧ ነበር። መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ደንዝዣለሁ። የምጽፍላችሁም መጻፍ ደንብ ስለሆነ ነው።

አራተኛው ምስጋና ነው። ለአቤቱታዬ «መሣሪያው በታቀደው መሠረት እየሠራ ነው» የሚል መልስ ስለሰጣችሁኝ፣ ማስጠንቀቂያውንም እትሙ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ ስላወጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ሰዎች ጥንቃቄያችሁን ያላዩ ናቸው።

በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ከእናንተ ቀጥሎ የሚፈለግ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የሚነሣችሁ፣
የጣቢያው አስታዋቂ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ፣ ለውጡን በተመለከተ ከተጠቃሚዎች ዘንድ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልተሰማም ብላችሁ መጻፋችሁን አነበብኩ። ለማረጋገጥ አባቴን ጠየቅሁት። እውነታችሁን ነው፤ ምንም አልተሰማም።