ሞተሩን ያደረቀው የኑግ ዘይት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ወገብዎ እንዴት ነው? የጠዋቱ ብርድ ለቀቀዎ? እማዬስ፣ ያ የጉልበቷ ሕመም እንደ ልቧ ያሰግዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ለሰጪው ምስጋና ይግባው። ደብዳቤዬን የምታነብልዎ እህቴ አምሳለ መሆኗን አውቃለሁ። ዛሬ እባክዎ ቀስ ብላ ታንብብልኝ፤ እንደ ልማዷ የሚያስቆጣዎትን መስመር እየዘለለች እንዳታልፍ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። የዱቄት ፋብሪካው የጥገና ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሾመኝ። ከሴት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። ለሹመት ያበቃኝ ከጣሊያን እስኪመጣ ግማሽ ዓመት ይጠበቅ የነበረ አንድ የወንፊቱ ዕቃ ነው። የተሰበረውን ለክቼ፣ ሥዕሉን ሠርቼ፣ እዚሁ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩና ገጠምኩት። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ የሳቁብኝ ወንዶች ዛሬ ማሽን ሲያጉረመርምባቸው ፀሐይወርቅን ጥሯት ይላሉ። ይህን ሲሰሙ ጢምዎን እየነጩ ፈገግታዎን ሲደብቁ ይታየኛል።

ግን አባባ፣ ማሽን ሲነሣ በሰማሁ ቁጥር ልቤ እናንተ ጋ እነዋሪ ነው። ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያሰሩት ጣሳ ኩ ኩ እያለ ወፍጮው መነሣቱን ለአገሩ ሲያሰማ፣ ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ከየአቅጣጫው ሲመጡ፣ እርስዎ እስከ ሽፋሽፍትዎ ዱቄት ለብሰው በሩ ላይ ሲቆሙ። ያን ዘመን ስናፍቀው አንዳንዴ ሥራዬ ላይ እፈዛለሁ። ሌላው አባት ሴት ልጁን ከሞተር ሲያባርር እርስዎ ጆሮሽን አምጪ፣ ድምፁ ምን ይልሻል ይሉኝ ነበር። እኔን ለዚህ ያበቃችሁኝ እርስዎና ሞተሩን ያንቀሳቅስልዎ የነበረው መኩሪያ ናችሁ።

ስሙን ሲሰሙ ፊትዎ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። አምሳለ፣ እዚህ ላይ እንዳትዘይ።

ጥር ላይ ዋቅጅራ የሚባሉ የፉሪ ገበሬ የናፍጣ ወፍጯቸው ታሞባቸው አስጠሩኝ። እዚያ መብራት ገና አልገባም። ታክሲ እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ሳዘግም የጣሳውን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት፤ ሞተሩ እያነከሰም ይጮኻል። ስደርስ ከሞተሩ አጠገብ ጆሮውን ደግኖ የቆመው ሰው መኩሪያ ነበር። ለካ እዚያ ተቀጥሮ ኖሯል። ጸጉሩ ሸብቷል። ፀሐይዬ፣ ጣትሽ ዛሬም አልነጣም አለኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ ልንገርዎ። በስድሳ ስድስት ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ሁላችሁ ስግደት ላይ ሳላችሁ ሾልኬ ወፍጮ ቤት ገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ብዬ ከሞተሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈታሁት፤ ዘይቱ መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ። ጾም ነውና ጓዳችን የኑግ ዘይት ነበረበት። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ እማዬ ያስቀመጠችውን ሁሉ ሞተሩ ውስጥ ገለበጥኩት። በማግስቱ የፋሲካ ዱቄት ፈላጊው ተኮልኩሎ ሳለ ሞተሩ ብዙም ሳይሠራ ደርቆ ቆመ። መኩሪያ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፤ ቀጥሎ ጥላሸት የመሰሉ ጣቶቼን አየ። እርስዎ ማን ነው ብለው ሲጮኹ እኔ ነኝ አለ። በሰው ሁሉ ፊት አባረሩት። ሕዝቡም የፋሲካችንን ዱቄት ያሳጣን እያለ ስሙን አጠፋው፣ እሱም አገር ለቀቀ። እናቱ ሲያርፉ ለቀብር ያልመጣው ጨክኖ አይደለም አባባ፤ የሰዉን ዓይን ፈርቶ ነው።

ፉሪ ላይ ስንገናኝ፣ ያኔ ለምን እንዲያ አደረግህ አልኩት። አባትሽ ቢያውቁ ዳግመኛ ሞተር አያስነኩሽም ነበር አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የሴቶች ቀን ሲከበር ፋብሪካው የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። እንዴት እንደጀመርኩ ተናገሪ ሲሉኝ የእርስዎን ወፍጮ ቤት አወራሁ፤ ኑጉን ግን ዋጥኩት። መኩሪያን ጋብዤው ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልያዘኝም።

ለፋሲካ እመጣለሁ። መኩሪያን አብረን እንሂድ ብዬ ብለምነው፣ አባትሽ ሳይጠሩኝ እነዋሪን አልረግጣትም አለኝ። በሰው ፊት እንዳባረሩት በሰው ፊት ይጥሩልኝ። ቁጣዎን ለእኔ ያቆዩት፤ የእኔ ድርሻ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ሰው ተሸክሞልኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ስለ ኑጓም ይቅር ትበለኝ። አምሳለን፣ ባሏን ከበበውንና ትንሹን ጸጋአብን ሳሙልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ቀመሪያ እንደምን አሉ በሉልኝ። የመኩሪያን እህት ንግስትን ግን ሰላም በሉልኝ ብዬ አልልክም። እርስዎ ራስዎ በሯ ድረስ ሄደው፣ ወንድሟ በሕይወት እንዳለና ምንም እንዳላጠፋ ይንገሯት።

ልጅዎ ፀሐይወርቅ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.