ሁለቱም ማሽኖች እኩል ይጠብቁ ብለው ለወሰኑት ሊቀ መንበር

ረቡዕ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ቆቦ። ከዞብል በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ አቧራው በስብሰባ ክፍሉ መስኮት ገብቶ ጠረጴዛውን አልብሶታል። የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ አቶ አላምረው፣ የላይኛው ጉድጓድ ተጠሪ አቶ በለጠ፣ የታችኛው ጉድጓድ ተጠሪ አቶ ታሂር፣ እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ስለ ራሱ ሲወሰን እንዳይገባ የተከለከለው ጥበቃችን በድረዲን።

ለክቡር አቶ አላምረው፣
የቡርቃ ዳር መስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነወንበርዎና ከነማኅተምዎ ያግኝልኝ። ጉልበትዎ እንደ ፊርማዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማይደፈርስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ የደረቀው ሽንኩርቱ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በስብሰባ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ዐይንዎ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ሲመለከት ስላየሁ፣ ግድግዳው ላይ ሆኜ ብጠብቅዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ለመንገደኛ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ማኅበራችን የውሃ ተራ የሚይዙ ሁለት ሰርቨሮች አሉት፤ አንዱ በላይኛው ጉድጓድ ክፍል፣ ሌላው በታችኛው ጉድጓድ ክፍል ተቀምጠዋል፤ የሚለያቸው በር ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ የላይኛውንና የታችኛውን ጉድጓድ ፓምፖች ያስነሣሉ፣ ያቆማሉ፣ ለገበሬው «ተራህ ደርሷል» የሚል መልእክት በስልኩ ይልካሉ። ሁለት የሆኑት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ነው እንጂ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲያዝዙ አይደለም። እርስ በርስ የሚተያዩት ስዊች በምትባል ትንሽ ሣጥን በኩል ሲሆን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይህች ሣጥን ከሁለቱም ዘግይታ ትነቃለች። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለቆቦ ሰው አልነግርም።

ማሽኖቹን የተከለልን ባለሙያ ደጀን ይህን ሁሉ አስቦበት ነበር። በመጀመሪያ፣ ማሽኖቹ ሲነሡ ስዊቿ እስክትነቃ ታግሠው እንዲቆዩ አደረገ። ከቆዩም በኋላ አንዱ ጓደኛውን ካጣው፣ ሥራውን ከመረከቡ በፊት የዚያን መብራት ለዚሁ በተዘረጋ ሌላ ሽቦ እንዲቆርጥበት አደረገ፤ ባለሙያዎቹ ይህን ፌንሲንግ ይሉታል። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልታየው ጓደኛ ሞቶ ይሁን ወይስ ፓምፑን ይዞ በጨለማ ቆሞ ይሁን ማወቅ ስለማይቻል፣ አስቀድሞ እጁን ማስለቀቅ ግድ ነው። በመጨረሻም ሁለቱ ባንድ ቅጽበት ተቆራርጠው እንዳይጠፋፉ፣ የላይኛው ማሽን ከመቁረጡ በፊት ከታችኛው ጥቂት እንዲዘገይ አደረገው። ጉዳችንን ያመጣችው ያቺ ጥቂት ናት።

እኔ ይህን የማውቀው ከካርቶኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ጽሕፈት ቤትዎ ለሽንኩርት ዘር መጠቅለያ ሲያደርገው ቁርጥራጩን እየለቀምሁ ነው። ዘሩ ተሸጦ የሄደባቸው ገጾች አልደረሱኝምና የማላውቀው ብዙ ነው፤ እሱን ደጀንን ጠይቄዋለሁ። ለትምህርቴ ስላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ እኩልነት። አቶ በለጠ የእርሳቸው ማሽን እንደሚዘገይ በሰሙ ዕለት ጠረጴዛውን ደብድበው፣ «የኔ ማሽን የማን አሽከር ሆኖ ነው ቆሞ የሚጠብቀው?» አሉ። አቶ ታሂርም ወንበራቸውን ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያ የኔ ይቁምልህ? ወላሂ አይሆንም!» አሉ። በር ላይ ሲገናኙ «ኧረ እርስዎ ይለፉ»፣ «በሞቴ እርስዎ» እየተባባሉ የሰውን ምሳ የሚያቀዘቅዙት እነዚሁ ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ ለማሽናቸው ሲሆን አንዲት ቅጽበት መልቀቅ ሞት ሆነባቸው። እርስዎ ግን በጥበብዎ ፈረዱ፤ ሁለቱም እኩል ይጠብቁ። በዚያው እጅዎም «ገበሬ እየጠበቀ ማሽን የሚያርፍበት ምክንያት የለም» ብለው ማሽኖቹ ሲነቁ ስዊቿን የሚጠብቁበትን የማንቂያውን ትዕግሥት ሰረዙት። ደጀን በስልክ፣ «ጋሼ፣ እኩል ካደረግናቸው እኩል ይሞታሉ» ቢልዎ፣ «እኩልነት ሰው ገድሎ አያውቅም» ብለው መለሱለት፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰምተን አጨበጨብን። ልጁ ትዕዛዝዎን በጽሑፍ ተቀብሎ ያሉትን ፈጸመ፤ ከዚያ ወዲህ የእርስዎን ስልክ አያነሣም።

በሚቀጥለው መብራት መጥፋት የሆነው እንዲህ ነው። መብራቱ መጣ፤ ሁለቱ ማሽኖች ነቁ፤ ስዊቿ ገና ነበረችና አልተያዩም፤ እኩል ጠበቁ፤ እኩል ተቆራረጡ፤ እኩል ጠፉ። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ያላዳላ ፍርድ ታይቶ አይታወቅም።

አባቴ በዋጃ ሜዳ የኤላ ተራ ሰጪ ነበር። የጉድጓዱ ገንዳ አንድ መግቢያ ነበረው፤ ከብቱን ይዞ የገባ ሰው የግራር እሾህ ቅርንጫፍ ከኋላው ጎትቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ጠጥቶ ሲወጣ ይከፍታል። ሁለት መንጋ ባንድ ጊዜ የገባ እንደሆነ ውሃው ጭቃ ይሆናል፣ ከብቱም ይዋጋል፣ ባለቤቶቹም ከከብቱ ይብሳሉ። ሁለት ሰዎች እኩል የደረሱ እንደሆነ ቅርብ የሚኖረው ይጠብቅ ነበር፤ ከሩቅ የመጣው ከብት የበለጠ ጠምቶታልና። ቆሞ ስለጠበቀ አሽከር የተባለ ሰው አላየሁም። እሾህ የጎተተውንም ጨካኝ ያለው አልነበረም። እንግዲህ ይህን ፊደል ያልቆጠሩ ከብት ጠባቂዎች ያውቁት ነበርና ለእርስዎ መንገሬ ድፍረት ነው፤ ይቅርታ።

፪ኛ፤ ስለ ዱላው። ማሽኖቹ በጠፉ ቁጥር የሚያስነሣቸው በድረዲን ነበር። መጀመሪያ አንዱን ይጫናል፣ ቆይቶ ሌላውን፤ ይኸው ነው፤ ውሃውም ይወርድ ነበር። ይህን አቶ በለጠ አይተው «ሁልጊዜ የታችኛውን ነው የሚያስቀድም» ብለው ቢከሱት፣ እርስዎ «አንዱን ከአንዱ ሳታስቀድም ባንድ ላይ ተጫን» ብለው አዘዙት። ሰውየው ትእዛዝ አክባሪ ነውና የመካከሉን በር ከፍቶ፣ አንዱን ቁልፍ በጣቱ፣ ሌላውን በዱላው ጫፍ ባንድ ጊዜ መጫን ጀመረ። ባንድ ጊዜም ያጠፋፋቸው ነበር። ከዚያም ማሽን በዱላ ነካ ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሁለተኛ እጁን በማሽኖቹም ሆነ በፓምፑ ላይ እንዳያሳርፍ። ይህችን ማስጠንቀቂያ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

፫ኛ፤ ስለ ዕርቁ። ማሽኖቹ መጠፋፋታቸውን ባላቆሙ ጊዜ አቶ ታሂር፣ «ወንድም ወንድሙን የሚያጠፋበትን ነገር ከቤታችን እናውጣ፤ ደም አይደል እንዴ ይሄ?» አሉ፤ አቶ በለጠም እንባ አቀረሩ። ሁለቱ በሕይወታቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ በመሆኑ እኔም ልቤ ተነክቶ ነበር። ዱዓ ተደረገ፣ ተመራረቅን። ከዚያም «ይቻላል» ከሚለው ቃል በቀር ከአፉ የማይወጣ ሌላ ባለሙያ አስመጥተው ፌንሲንጉን አዘጉት፤ የመቁረጫውን ሽቦም አስነቅለው በክብር ጠቅልለው ለእኔ ክፍል አስረከቡ። ዱዓ የሰውን ልብ ያራራል፤ ክፋት የለበትም። ሰርቨር ግን ልብ የለውም፤ የሚገባው ሽቦ ነው። መቁረጫው ከቀረ የማንቂያውን ትዕግሥት እንኳ አስመልሱልን ብዬ እጄን ባወጣ፣ ግድግዳው ደኅና መሆኑን አረጋገጡ።

፬ኛ፤ ስለ ሞተሩ። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ መጣ። ሁለቱ ማሽኖች ተነሡ፤ አልተያዩም፤ የሚከለክላቸውም የለምና ሁለቱም ራሳቸውን አዛዥ አደረጉ። ወይዘሮ ቆንጅት፣ ባሏ የሞተባት፣ ያላት ሁሉ ያች የሽንኩርት ማሳ የሆነች ሴት፣ አካፋዋን ይዛ ቦዩ ዳር ቆማለች። ስልኳ ጮኸ፤ «ተራሽ ደርሷል» ይላል። ቦዩን ከፈተች። ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ «ተራሽ አልፏል» ይላል። አንዱ ማሽን ፓምፑን አስነሣ ሲል ሌላው አቁም ይላል፤ ውሃው እፍኝ መጥቶ ይቆማል፣ እፍኝ መጥቶ ይቆማል። ወደ እኔ ደውላ፣ «እትዬ ማንያህልሻል፣ ውሃው ትን ብሎታል እኮ፤ ምን አብልታችሁት ነው?» አለችኝ። በድረዲን የሞተሩን ማቃሰት ከበሩ ሆኖ ይሰማል፤ ማጥፊያው ከእጁ ክንድ አይርቅም፤ ግን እንዳይነካ ተጽፎበታል። እርስዎ ዘንድ ደወለ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የላይኛው ፓምፕ ሞተር ተቃጠለ። የቆንጅት ሽንኩርት አንገቱን ደፍቷል።

፭ኛ፤ ስለ ዛሬው ውሳኔ። ከላይ በጠቀስሁት ነፋስና አቧራ ውስጥ ተሰብስበን፣ በድረዲን «ሞተሩ ሲቃጠል እያየ ባለማጥፋቱ» ከሥራና ከደመወዝ እንዲታገድ ወሰኑ። ነክቶ ተቀጣ፤ ሳይነካ ታገደ፤ ከእንግዲህ ምን ቢያደርግ ደስ እንደሚልዎ ቢያሳውቁት ቤተ ሰቡም ይዘጋጅ ነበር። ማሽኖቹም ባሉበት ሁኔታ ነገ ሁለቱም ባንድ ላይ እንዲነሡና በቀረልን በአንዱ፣ በታችኛው ፓምፕ፣ የሁሉንም ማሳ እንዲያጠጡ ወሰኑ። እኔ ተቃወምሁ። «ወይዘሮ ማንያህልሻል ንብረት ይቁጠሩ» ተባለ። ቆጠርሁ፤ ክቡር ሊቀ መንበር፤ የቀረን አንድ ፓምፕ ነው። እሱ ከተቃጠለ ደግሞ የሚታገድ ሌላ በድረዲን የለንም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ በድረዲን ወደ በሩ እንዲመለስ፣ ሽቦው ከእኔ መደርደሪያ ወጥቶ ወደ ቦታው እንዲገባ፣ ማሽኖቹ ሲነሡ ስዊቿን እንዲጠብቁ፣ ከሁለቱ አንዱ ከሌላው እንዲዘገይ ነው። የትኛው ይዘግይ የሚለው ካስቸገረ የእኔ ማሽን ነው በሉና የፈቀዳችሁት ይዘግይ፤ እኔ አልቀየምም። ደጀን የማያነሣው የእርስዎን ስልክ እንጂ የእኔን ያነሣል፤ እመጣለሁ ብሏል።

ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሰጡን ያልተቋረጠ ስብሰባ፣ ለተቋረጠውም ውሃ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሩን እርስዎ አስቀድመው እስኪያልፉ ቆሜ የምጠብቅ፣ በመቆሜም ያላነስሁ፤

ማንያህልሻል አበባው
ንብረት ክፍል

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ ሐሙስ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሳይከፈት መጣሁ። ነፋሱ ቆሟል። የንብረት ክፍል ቁልፍ ሁሉንም በር ይከፍታልና ወደ ላይኛው ክፍል ገብቼ የማሽኑን የመብራት ገመድ ከግድግዳውም ከማሽኑም ነቀልሁ። በሩን ቆልፌ አንድ የግራር ቅርንጫፍ አጋደምሁበት። ወደ ታችኛው ክፍል ገባሁ፤ የስዊቿ መብራት እስኪረጋ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ የታችኛውን ማሽን ብቻውን አስነሣሁ። ፓምፑ ተነሣ፣ አላቃሰተም። ወደ ቆንጅት ደወልሁ። «አንድ መልእክት ነው የመጣ፤ ሌላውን ልጠብቅ?» አለች። «ሌላ የለም፤ ክፈቺው» አልኋት፤ ከፈተችው። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ለጠፍሁ። ገመዱ በቤቴ ነው፤ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚጠብቅ የወሰናችሁ ዕለት ራሴ አመጣዋለሁ። የምታግዱት ሰው ስትፈልጉ በድረዲን ዘንድ አትሂዱ፤ እሱ እስካሁን ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ገመዱን የነቀልሁት እኔ ነኝ።