የዘጠነኛው ክፍል ትርጉም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ንዴቴ ካልተቆጠረ ደህና ነኝ። ያናደድከኝ ደግሞ አንተ ነህ፤ ስለዚህ ተቀምጠህ አንብብ።

ልጆች ሳለን ጎረቤት ሄደን የምናየውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም መቼም አትረሳውም፤ ከተማቸው ኤሊ ጀርባ ላይ የተሠራችው፣ ነፋስ የሚጋልቡት ወንድምና እህት። እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ አንተ ከጎኔ ሆነህ ትተረጉምልኝ ነበር። ይኸውልህ፣ የስፌት ቤታችን ሰው በሙሉ ዘንድሮ በእሱ አብዷል። ምሳ ሰዓት ላይ ቆራጩ ኮምፒውተሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ስምንታችን ዙሪያውን እንኮለኮላለን፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ሁሉም ሁለቴ ሦስቴ አይቶታል፤ ግን "ንጉሡ ጥፋተኛ ነው"፣ "አይደለም" ሲባባሉ ምሳቸው ይቀዘቅዛል። ኮሌታ ሰፊዋማ በዚሁ ከቆራጩ ጋር ተኳርፋ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የተቆረጠላትን ጨርቅ የምትቀበለው በሰው እጅ ነበር።

እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ገባሁበት። የወንድምና እህቱ እናት ዝናብ ልታመጣ ባሕር ማዶ ሄዳለች፣ ትመለሳለች አልኳቸው። ሳቁብኝ። ኮሌታ ሰፊዋ፣ "ሞታ ተቀብራለች እኮ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። ወንድሜ ቋንቋውን ያውቃል ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ከተሸነፍኩ የሳምንቱን ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ በእጄ ልሠራ ተወራረድኩ። ዘጠነኛው ክፍል ተከፈተ፤ ትርጉሙ ከሥር ተጽፏል። ልጆቹ ጉድጓድ ላይ አፈር ሲመልሱ፣ አንተ "ዘር እየዘሩ ነው" ያልከኝ ቦታ፣ ለካ የእናታቸው መቃብር ነው። ምን አድርጌህ ነው እንዲህ ሰው ፊት የምታዋርደኝ? ይኸው ጣቴ አብጧል።

ይባስ ብለው አሁን የተጻፈውን ትርጉም ትተው፣ ያንተን ካልነገርሽን እያሉ ያደርቁኛል። ያንተ ይሻላል ነው የሚሉት። ቆራጩ ብቻ፣ ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት፣ እማዬ ለሥራ ባሕር ማዶ የሄደችበት ዓመት ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።

የእማዬን ደብዳቤዎች የምታነብልኝ አንተ ነበርክ። በሰላም ደርሳለች፣ ሥራ ይዛለች፣ ጥርሴ ተነቅሎ እንደሆነ ጠይቃለች። ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ማንበብ ስችል ደብዳቤዎቹ ቀሩ። አክስታችንን ስጠይቃት፣ ወንድምሽን ጠይቂው ትለኛለች። አንተ ደግሞ ሥራ በዝቶባት ነው አልከኝ። እኔም ረስታኝ ነው ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤባታለሁ። ስሟ ሲነሳ ጥዬ እንደምወጣ ታውቃለህ፤ እያየህ እንዴት ዝም ትላለህ?

አንተም ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፤ ሳስበው ልጅ ነበርክ። ቋንቋውንም ቢሆን አንዲት ቃል አታውቅም ነበር ብዬ ጠርጥሬሃለሁ። አሁን ግን ይበቃል። የእማዬን ነገር ከመጀመሪያው፣ እንዳለ ጻፍልኝ። ያረፈችበትንም ቦታ ጻፍልኝ፤ ሄጄ ይቅርታ የምጠይቃት ነገር አለ።

ልጆቹን ሳምልኝ። ያሳደጉኝን እጆችህን አያሳጣኝ።

ታናሽ እህትህ