ለባዶ ጀሪካን የተመረጠ ዜማ

…የመጀመሪያው ሙዚቃዬ ውሃ የጀሪካኑን ግርጌ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ አባቴ ነገሌ ቦረና ያስተምር በነበረበት ዘመን፣ የውሃ ቦቴ መጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰለፍ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ዝም ብዬ እንዳዳምጥ… ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ።

ለተከበሩ የከተማችን የአነስተኛ ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ? በግቢዎ ያለው የውሃ ታንከር በዚህ ድርቅ እንኳ ሞልቶ ሲፈስ ከአጥር ውጭ ቆሜ አይቻለሁና እርስዎን ስላላስጠማ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሮማነወርቅ እባላለሁ፤ አስፋልቱ ዳር ጀሪካን፣ ሳፋና በርሜል እሸጣለሁ። በዲጂታል ግብይት ሥልጠናዎ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ላያስታውሱኝ ይችላሉ። እያንዳንዱ ነጋዴ ለዕቃው አጭር ቪዲዮ እንዲሠራ፣ በጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ እንዲለቀቅለት፣ ሙዚቃውም አስቀድሞ በእርስዎ እንዲጸድቅ ያዘዙት ያን ዕለት ነው። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ የቀረጽኩትን ድምፅ ባቀረብኩ ጊዜ፣ ይህ ሙዚቃ አይደለም ተብሎ ስለተመለሰልኝ አመሰግናለሁ። ዝናቡ ደጋግሞ በቀረበት በዚያ ሰሞን፣ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ድምፅ ከስልኬ ደግሜ እንዳሰማው ይለምነኝ እንደነበር ለመናገር አልደፈርኩም።

፪. በነፃ የሚገኝ የፒያኖ ሙዚቃ ሳመጣ ባዕድ ነው ተባልኩ፤ ክራር ሳመጣ የደጋ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ሀሺ ያዋሰኝን የሰርግ ዘፈን ሳመጣ ደግሞ ዘፈኑ የየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠኝና ለምን እንደሰጠኝ ተጠየቅሁ። ሀሺ ይህን ሲሰማ ያለ ድምፅ ልቀቂው፣ ዝምታ ብሔር የለውም ብሎ ቀለደብኝ፤ በማግስቱ ግን ዘፈኑን ከስልኩ አጥፍቶት አገኘሁ። ስለዚህም ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳንጎራጉር ራሴን ባገኘሁት ቁጥር አቋርጬ ዙሪያዬን አያለሁ።

፫. በመጨረሻ ራስዎ ስለመረጡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። የመረጡልኝ የኤላውን ዜማ ነበር፤ ወንዶች በጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ የሚያዜሙትን። ባዘዙኝ መሠረት በዱብሉቅ በኩል ዜማውን ወደሚያወጡት ሽማግሌ ወደ አባ ቦናያ ሄድኩ። አካም፣ ናጋ ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ዘፈን አይደለም፣ ጥሪ ነው» አሉኝ። «ገንዳው ሳይሞላ አይዜምም። ከብቱ ሲሰማው ውሃ አለ ብሎ ያምናል።»

ይህንኑ መጥቼ ቢሮዎ ውስጥ ቆሜ ነገርኩዎት። ከብት ፌስቡክ አይከፍትም ብለው አሳቁን።

፬. ባለሙያዎ አቶ ኢያሱ ከኤላው አፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ሽማግሌው ሳያዩት ዜማውን በስልኩ ስለቀረጸልኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ ባዘጋጀው ባዛር መክፈቻ ቀንም እኔን ሳይጠይቅ ቪዲዮዬን በመኪና ላይ በተጫነው ድምፅ ማጉያ ስለለቀቀልኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት አባ ቦናያና ጎረቤቶቻቸው ከብቶቻቸው በድርቁ ሳያልቁ የተገኘውን ያህል እናግኝባቸው ብለው ወደ ገበያ እየነዷቸው ነበር። እየተገፉ ይራመዱ የነበሩ ከብቶች ጥሪውን ሲሰሙ ማንም ሳይነዳቸው መጡ። መኪናውን ከበቡ። ለዕይታ የደረደርኳቸውን ሳፋዎች አሸተቱ፤ ወደሚቀጥለው አለፉ፤ ተመልሰው የመጀመሪያውን እንደገና አሸተቱ። ደረቅ ፕላስቲክ ስትልስ ያየኋት አለች። ከዚያ መንበርከክ ጀመሩ። ዜማው እንዲቆም ጮኼ ብለምንም ምስሉ ግሩም ነው ተብሎ ቀረጻው እስኪያልቅ ቀጠለ። አባ ቦናያ ደርሰው በወደቁት መሐል እየዞሩ እያንዳንዷን በስሟ ጠሩ። የተነሳችው ቡሬ የተባለችው ላም ብቻ ናት።



፭. ያለ ፈቃድ ከብት ወደ ባዛር አስገብተሻል የሚል ማስጠንቀቂያ በማኅተም ስለተላከልኝ አመሰግናለሁ።

፮. ዜማው ያለበት ያ ቪዲዮ እስከዛሬ በገጽዎ ላይ ነው። እንዲነሳልኝ ሁለቴ አመለከትኩ፤ ሕዝቡ ወዶታል፣ ከበላይ ለሚመጡ እንግዶችም በምሳሌነት ይታያል ተባልኩ። መልካም። ይሁንና ቡሬ ወደ ቀዬዋ መመለስ ስላልቻለች በሱቄ ጓሮ እንደታሰረች፣ አባ ቦናያም አብረዋት እንደሚያድሩ ሳሳውቅዎ በታላቅ አክብሮት ነው። እኔ ከማገኘው ውሃ አጠጣታለሁ። ነገር ግን አላፊ አግዳሚው ስልኩን ሲከፍት ዜማው በቆርቆሮው አጥር ዘልቆ ይገባል፤ እሷም በተጠራች ቁጥር ትነሳለች። ጉልበቶቿ እየተንቀጠቀጡ፣ ጆሮዋን ወደ መንገዱ አቅንታ ትጠብቃለች። ዜማው ሲቋረጥ ትወድቃለች። የምትነሳበት አቅም እያለቀ ነው። ቪዲዮው ይነሳልኝ። ሌላ ልመና የለኝም፤ ማስጠንቀቂያውን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ እኖራለሁ።

በእርስዎ መልካም ምርጫ ስሟ ከዱብሉቅ እስከ ነገሌ የታወቀላት፣ ጥላዎ እንዳይርቃት፣ ታንከርዎም እንዳይጎድል ዘወትር የምትመኝ፣

ትሑት የውለታዎ ባለዕዳ
ሮማነወርቅ፣ የባዶ ዕቃ ነጋዴ

ከፊርማ በኋላ፦ ከብት ፌስቡክ አይከፍትም ያሉት ፍጹም ትክክል ነው፤ የሚከፍተው ሰው ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከት ስል አንድ የጭነት መኪና ከሱቄ ፊት ቆመ፣ ሾፌሩም ስልኩን ከፈተ። ከጓሮ የቡሬ ኮቴ ተሰማኝ። አባ ቦናያ በረንዳው ላይ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ሳይጠይቁኝ ትልቁን ሳፋ ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ቢላቸውን ከወገባቸው መዘው ወደ ጓሮ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት።