እሁድ የተራቡት ዝንቦች

ጥር 26፣ ማክሰኞ
ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ጠዋት ሁለት ክፍል አስተማርሁ። ማስታወሻ የሚይዝ ጠፍቷል፤ ሁሉም ሰሌዳውን በስልክ ያነሣና ያንቀላፋል። ከሰዓት ምስክር ቤተ ሙከራዬ በር ላይ ቆመ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፤ ያስተማርሁት ልጅ። ዛሬ ዶክተር።
«መምህር ገሠሠ፣ እነዚህ ዝንቦች እስካሁን አልሞቱም?»
«አንተ ስትመጣ ነው የሚታመሙት።»
ሳቀ። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ኮሚቴ የካቲት 9 ሥራዬን ያያል። የሚታይ ውጤት ከሌለ ይህ ክፍል ለኮምፒውተር ይሰጣል። ሌላ ክፍል? የለም። ስንት ዓመት የለመንሁት ክፍል…

ጥር 28፣ ሐሙስ
ሚስቴ እሌኒ ዛሬም «ሰው ከውጭ አገር ደባርቅ ድረስ መጥቶ ተራራውን ያጠናል፣ አንተ የጠላ ዝንብ» አለች። እውነት ነው፣ ያጠመድኋቸው ከጠላ ቤት ነው። ታዲያስ?
የዝንቧ አንጎል ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። በእግሯ ትቀምሳለች። ስኳር ሲነካት መምጠጫዋን ትዘረጋለች። ስኳሩ ላይ የጌሾ ውኃ ስጨምርበት የጠገበችዋ ትሰበስበዋለች፤ መራራ መርዝ ሊሆን ይችላልና። የተራበችዋስ? ረኀቡ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ጣፋጩን ያጎላዋል፣ መራራውን ዝም ያሰኘዋል። ያንኑ ትጠጣዋለች። ሌላ አገር ታውቋል። እኔ የፈለግሁት በእኛ ዝንብ፣ በእኛ ጌሾ ማሳየት ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ለምን ይከብዳል?
ነፃ ቀኔ ሰኞ ብቻ ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት የግማሾቹን ምግብ አነሣለሁ። እስከ ሰኞ እርጥብ ጥጥ ብቻ።

የካቲት 2፣ ሰኞ
ተበላሸ። የተራቡት ጌሾውን ልክ እንደ ጠገቡት እምቢ አሉ። ባለፈው ሰኞም እንዲሁ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍሁት። ብርድ አይደለም። ሰው ነው። የሚያበላቸው ሰው አለ።
ቁልፍ ያለው ማን ነው? እኔ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሸጊቱ፣ ምስክር። ሸጊቱ ዝንብ ስታይ ታቅለሸልሻለች። ቀረ ምስክር።

የካቲት 9፣ ሰኞ
የዐቢይ ጾም መያዣ። ኮሚቴው ዙሪያዬን ቆመ። ከተራቡት አንዷን ጠብታ አስነካሁ፤ ሰበሰበች። ሌላዋን፤ ሰበሰበች። አንዱ «እነዚህም ጾም ያዙ እንዴ?» አለ። ሳቁ። ምስክርም ሳቀ። ደሜ ፈላ።
«አንተ ነህ ያበላሃቸው! ክፍሉን ልትቀማኝ!»
«መምህር…»
«ሌባ!»
አንዱ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። አልጸጸትም። ማስረጃ ግን የለኝም… ይህ ነው የሚያሳርረኝ።

የካቲት 15፣ እሁድ
ጠዋት ምግባቸውን አንሥቼ የሄድሁ መሰልሁ። ተመልሼ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ተደበቅሁ፤ ምስክርን ልይዝ። ቅዳሴ ሲወጣ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ሸጊቱ! ነጠላዋን እንዳጣፋች የስኳሩን ውኃ ጥጡ ላይ ታንጠባጥባለች።
«ምን እየሠራሽ ነው?»
ደንግጣ ማተቧን ያዘች። «በስመ አብ! ሰው ይገድላሉ እኮ፣ መምህር!»
«ማን አዘዘሽ?»
«ማንም። ሰንበት ነው። በሰንበት ከእህል መከልከል አይገባም። በሑዳዴ እንኳ ጠዋት ይቀመሳል።»
«ዝንብ ናቸው!»
«አውቃለሁ፣ እጸየፋቸዋለሁ። ግን በሰንበት ያስራቧቸው እርስዎ ነዎት። ኃጢአቱ በእርስዎ ነው የሚጻፍ። አዘንሁልዎ።»
ለእኔ! ለዝንቡ እንኳ አይደለም።
«እርስዎስ ዛሬ ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡ?»
በልቻለሁ። ሽሮ ፍትፍት። «ውጪልኝ!» ብዬ ጮህሁ። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ለዶክተሩ ይነግሩብኛል?» አለች። ውሏ በየዓመቱ የሚታደስ ነው…

የካቲት 16፣ ሰኞ
ምስክር ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ «አንተ አይደለህም» አልሁ።
«ማን ነው ታዲያ?»
«አሠራሬ ነው የተሳሳተው።»
«ስሙን ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ። የሰው ተንኮል ከሆነ ኮሚቴው የክፍሉን ውሳኔ እንደገና ያየዋል።»
አንድ ስም ብቻ… ክፍሉ ይመለሳል። ስንት ሰኞ አበላሽታብኛለች! ይገባታል። ግን በደባርቅ፣ በእሁድ ቀን፣ ፍጡር አስርቤ ማንም አይነካብኝም ብሎ ያሰበ ማን ነው?
«አሠራሬ ነው አልሁህ!»
«ሰው ፊት ሌባ ብለውኛል።»
«ሰብስባቸውና እዚያው ልንገራቸው።»
ሰበሰባቸው። ነገርኋቸው። እየነደድሁ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ
ክፍሉ ሄደ። ኮምፒውተሮቹ እስካሁን ከካርቶናቸው አልወጡም። ዝንቦቹ እቤቴ ጓዳ ናቸው፤ እሌኒ አታናግረኝም። የማክሰኞ ትምህርቴን ወደ ዓርብ እንዲያዛውርልኝ ምስክርን ለመንሁት። እኔ፣ እሱን! ፈገግ እያለ ፈረመ።
ትናንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ምግብ አነሣሁ፤ ዛሬ ፈተንሁ። ከጥቂቶቹ በቀር የተራቡት ሁሉ ጌሾው ላይ መምጠጫቸውን ዘረጉ። ጠጡት! ከኮሚቴው ያየ የለም። ያየችው ሸጊቱ ናት፤ ቤተ ሙከራው የቀረ ዕቃዬን ይዛ እቤት መጥታ።
«ኤዲያ! ያን መራራ ጠጡት? ምን ያህል ቢርባቸው ነው!»
ኮሚቴው ያልገባው ይኸው ነበር።
«አሁንስ ይብሉ?»
«አልጨረስሁም! አትነዝንዥኝ!»
አልሄደችም። እጇን አጣምራ በሩን ተደግፋ ቆመች። የመጨረሻዎቹን ስፈትን ቸኮልሁ። ሥራ ላይ ቸኩዬ አላውቅም።