ወይዘሮ ዝላትካ ፔንቼቫና በኩባያ የተከደነው ብስኩት

ወይዘሮ ዝላትካ ፔንቼቫ ከአባታቸው ከአቶ ፔንቾና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስታንካ፣ በቡልጋሪያ በስትራንጃ ተራራ ሥር በምትገኝ መንደር እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለዱ። ትምህርታቸውን በመንደራቸው ጀምረው በሶፊያ በሥነ ልቦና ተመረቁ። በ1966 ከባቡር መካኒኩ ከአቶ ስቶይል ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ልጅ ለመውለድ ግን አልታደሉም።

ሥራቸው በዳኑብ ዳር በነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሕፃናት ራሳቸውን መግዛትና ማሰብ ይችሉ እንደሆነ ይፈትኑ ነበር። ብስኩት በኩባያ ከድነው፣ "እስክመለስ እንዳትነኪው" ብለው ይወጣሉ። የታገሠ ወደ ከተማው መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፤ ያልታገሠ "አይማርም" ተብሎ፣ እንዲህ የተባሉ ሕፃናት ወደሚቀመጡበት ተራራ ላይ ወዳለ ሩቅ ቤት ይላካል።

በ1974 በዲሴምበር፣ በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት ትንሿን ራሊፃን ከብስኩቱ ጋር ትተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ የማሳደጊያው ኃላፊ ዶክተር ኒኮላይ፣ ዕለቱ ስማቸውን የወሰዱበት ቅዱስ በዓል ስለሆነ፣ የስማቸውን ቀን ከረሜላ ያዞሩ ነበር።

"ዝላትካ! የስሜን ቀን ሳትቀምሺ ልታልፊ? ነውር አይደለም እንዴ!" አሏቸው።

የስም ቀን ግብዣ እምቢ አይባልም። ቀመሱ፣ ጨዋታው ደራ፣ ልጅቷን ረሷት። ሲመለሱ ብስኩቱ ተበልቷል።

"አክስቴ፣ ጠበቅኩሽ። አልመጣሽም እኮ" አለቻቸው ራሊፃ፤ የማሳደጊያው ልጆች ሁሉ "አክስቴ" ነበር የሚሏቸው።

ወይዘሮ ዝላትካ መዘግየታቸውን ለመናገር አፈሩ። "አልታገሠችም" ብለው ፈረዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ከተወሰደች በኋላ ኅሊናቸው እንቅልፍ ቢነሳቸው ኃላፊው ዘንድ ገብተው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትመለስ" ብለው ለመኑ።

"አሁን ገና? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ተባሉ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ራሳቸው ወደ ተራራው ወጡ። ራሊፃ በክረምቱ በሳንባ ምች ሞታ ነበር።

ሥራቸውን ለቀው እስከ ጡረታ በቤተ መጻሕፍት አገለገሉ። አቶ ስቶይል ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ኖሩ። ቤተሰባቸው ሊያጽናናቸው ብዙ ደከመ፤ አልተጽናኑም። እውነቱን ለመናገር፣ የሚባልም ነገር አልነበረም።

በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ማርች 7 ቀን 2019 አረፉ። እህታቸው ወይዘሮ ዶብሪንካ ሐኪም ሊጠሩ "መጣሁ" ብለው ወጥተው ነበር፤ ሲመለሱ በሕይወት አላገኟቸውም። ከእኚህ እህታቸውና ከእህታቸው ልጆች በቀር የቀረ ዘመድ የላቸውም።

እግዚአብሔር እርሳቸውንም ያችንም ሕፃን በአንድ ደጅ ይቀበልልን። ከመቃብሩ መልስ እንደ አገሩ ልማድ ለነፍሳቸው የሚታደለውን የተቀቀለ ስንዴና ብስኩት ግን አደራ፣ እጃችሁ እንደ ገባ ብሉት፤ ማንንም አትጠብቁ። ኑዛዜያቸው ይኸው ብቻ ነበር።